የዓርብ በር ፕሬዚዳንት

የልጅ ልጄ ኢማን ባለፈው ወር ከትምህርት ቤት ይዛው የመጣችው ወረቀት ላይ ዛፍ ተስሏል። ግንዱ ላይ በእንግሊዝኛ ሕገ መንግሥት የሚል ተጽፏል፤ ከግንዱ ሦስት ቅርንጫፍ ወጥቷል፤ አንደኛው ኮንግረስ፣ ሁለተኛው ፕሬዚዳንት፣ ሦስተኛው ፍርድ ቤት። የቤት ሥራዋ የአሜሪካንን መንግሥት ከዚህ ከአውስትራሊያው ጋር ማነጻጸር ነው አሉ። ወረቀቱን ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ጣል አድርጋ ማቀዝቀዣውን ስትከፍት፣ ሻዬን ይዤ የተቀመጥኩት ሰውዬ ዓይኔ ዛፉ ላይ አረፈና ወላሂ ብርጭቆውን መልሼ አስቀመጥኩት። ይሄን ዛፍ አውቀዋለሁ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ደሴ ላይ፣ ቆርቆሮው በዝናብ በሚንጫጫ ክፍል ውስጥ ይሄንኑ ዛፍ ከመጽሐፍ ወደ ደብተሬ ገልብጬዋለሁ። ቅጠሎቹን እንኳ አልተውኩም። «አባባ፣ ዩ ኦኬ?» አለችኝ ኢማን። የኛ ልጆች አማርኛውን ይሰማሉ፣ መልሳቸው ግን በእንግሊዝኛ ነው። «ደህና ነኝ» አልኳት። ደህና አልነበርኩም።

የደሴ ልጅ የአሜሪካ መንግሥት ምን አገባውና ነው የሚማረው የሚል አይጠፋም። እውነቱን ነው። ነገሩ የሆነው በመጽሐፍ እጥረት ነው። ዘጠነኛ ክፍል ስንገባ የእንግሊዝኛ ማንበቢያው አልደረሰም፤ አስተማሪያችን ቲቸር ግርማ ግምጃ ቤቱን ሲያገላብጥ ከአሜሪካ በእርዳታ የመጣ፣ ማንም ያልከፈተው ካርቶን አገኘ። ውስጡ ስለዚያ አገር መንግሥት የሚያስተምር ሰማያዊ መጽሐፍ ሞልቷል፣ የዚያ አገር ልጆች ተምረውበት የጨረሱት። «እንግሊዝኛ እንግሊዝኛ ነው» ብሎ ለሁለት ልጅ አንድ አንድ አደለን። ወረቀቱ ያብለጨልጫል፤ ገልጠህ አፍንጫህን ብታስጠጋ የሙጫና የቀለም ሽታ አለው። እዚህ አውስትራሊያ፣ ላቨርተን ኖርዝ መጋዘን ውስጥ ሃያ ምናምን ዓመት የዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ስነዳ አዲስ ካርቶን በተቀደደ ቁጥር ያ ሽታ ይመጣብኝ ነበር፤ ሱፐርቫይዘሩ ለምን እንደምቆም አያውቅም፣ ሰነፍ እመስለው ነበር። በመጽሐፉ ሽፋን ውስጥ ከእኛ በፊት የተማሩበት ልጆች ስማቸውን በተራ ጽፈዋል። እኔና ሰይድ በደረሰን መጽሐፍ ላይ የመጨረሻዋ ባለቤት ሊንዳ ትባላለች። ሰይድ በዚያች ስም ፍቅር ያዘው። «አሜሪካ ሄጄ መጽሐፍሽን እንኪ እላታለሁ» ይላል። «እሷማ እስካሁን አግብታለች» ስለው «ካገባችም ቪቶ አደርገዋለሁ» ይለኛል፤ መጽሐፉ ላይ ፕሬዚዳንቱ ሕግ የሚሽርበት ሥልጣን ቪቶ ይባላል።

ሰይድ አራጋው ማለት የልብ ጓደኛዬ ነው። አባቱ ጋሼ አራጋው ፒያሳ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው ይሰፉ ስለነበር፣ ከተማው ውስጥ ሰፊውን ቤልቦተም ቀድሞ የለበሰ ሰይድ ነው ብል አላጋነንኩም። ከጉልበቱ በታች ሁለት ቀሚስ ይወጣው ነበር። ሰኞ ገበያ ላይ ያሉት ሴቶች «አንተ ልጅ፣ መንገዱን በሱሪህ የምትጠርገው ማዘጋጃ ቤት ደመወዝ ቆርጦልህ ነው?» እያሉ ይስቁበታል። ያን ጊዜ ሻይ በአሥር ሳንቲም ነው፣ ቦምቦሊኖም እንደዚያው፤ ስሙኒ ያለው ባለ ሃምሳ ቅጠል ደብተር ይገዛል፣ ሃምሳ ሳንቲም ያለው ሲኒማ ይገባል፣ ሁለቱንም ያጣ እንደ እኔና እንደ ሰይድ ሸዋ በር ያለችው ሻይ ቤት በራፍ ላይ ቆሞ ሬዲዮ ይሰማል። ከውስጥ ክራር ያለበት ዘፈን ይወጣል፣ ከላይ ከመስጊዱ በኩል መንዙማ ይወርዳል፣ ሁለቱ መንገዱ መሀል ይገናኛሉ። የጦሳ ተራራ ጉም ከተማው ላይ ሲተኛ ሰው በመልኩ አይለይም። እኔ ሰይድን የማውቀው በሱሪው ድምፅ ነበር፤ ሲራመድ ጨርቁ ከጨርቁ ጋር ሹክ ሹክ ይላል። እዚህ ሰፈራችን ክረምት ላይ ጠዋት ጠዋት ከፖይንት ኩክ በኩል ጉም ሲመጣ፣ እኔም ሐኪም ራመድ ራመድ በል ስላለኝ ስወጣ፣ ከኋላዬ ያን ድምፅ እሰማዋለሁ። ዞር እላለሁ። አጥርና የቆሻሻ መጣያ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ለሰው ብናገረው አበደ ነው የሚሉኝ።

ቲቸር ግርማ ከእኛ ስምንት ዓመት ቢበልጠን ነው። ከወር በኋላ ዝም ብሎ ማንበቡ ሰለቸውና «በሉ ኮንግረስ እንሁን» አለ። ሴኔቱና የሕዝብ ተወካዮቹ ተለያይተው መቀመጥ ነበረባቸው፤ ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ሁለቱም አንድ ላይ ይሁኑ ተባለ። አርባ አራት ነበርን። መጀመሪያ ፕሬዚዳንት መረጥን፣ በምስጢር፣ ወረቀት አጣጥፈን የቲቸር ግርማ ባርኔጣ ውስጥ እየከተትን። ሰይድ አለፈ። ያለፈውም በሱሪው ነው ብለን ስንስቅ ዋልን። ከዚያ አንድ ልጅ ዋና ዳኛ ተሰይሞ፣ የቀረነው አርባ ሁለታችን ሕግ አውጡ ተባልን። የኛ ትምህርት ቤት የግቢ በር ዓርብ ዓርብ በምሳ ሰዓት ይዘጋ ነበርና የጁምዓ ሶላት የሚያመልጠው ብዙ ነው። ስለዚህ ረቂቁ «ዓርብ ከስድስት ተኩል እስከ ስምንት ሰዓት በሩ ይከፈት» የሚል ሆነ። ክርስቲያኖቹም ደገፉት፣ የሚከፈት በር ማን ይጠላል! በጭብጨባ አለፈ። ሰይድ ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ተነሣና ጉሮሮውን ጠርጎ «ቪቶ!» አለ። እንዴ! ራሱ ዓርብ ዓርብ አጥር ዘሎ የሚሰግድ ልጅ! «ምን ነክቶህ ነው?» ሲባል «ሥልጣኑ ካለኝ ለምን አልሞክረውም?» አለ። ቲቸር ግርማ እስኪያለቅስ ሳቀ። «አያችሁ፣ ለዚህ ነው ሦስት ቅርንጫፍ ያስፈለገው። ሥልጣን የያዘ ሁሉ ይሞክረዋል» አለን። ቪቶውን ለመሻር ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል፣ ሃያ ስምንት ማለት ነው። ደግሞ ይሄኛው ድምፅ በምስጢር አይደለም፤ ስም እየተጠራ ነው። ምክንያቱን ሲነግረን የተናገራት ቃል እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለች። «ደካማው ሲመርጥ ይደበቅ፣ ማንም እንዳያጠቃው። ሥልጣን የያዘው ግን ስሙን አስመዝግቦ ይምረጥ፣ ሕዝቡ እንዲያውቀው።»

ስም ጠሪውና መዝጋቢው እኔ ነበርኩ። ለዚህ ደግሞ ጥፋቱ የአባቴ ነው፤ ኧረ አላህ ይማረው፣ ጥፋቱስ የኔ ነው። አባቴ የሰፈራችን ቅሬ ጸሐፊ ነበር። እኛ ወሎዎች እድሩን ቅሬ ነው የምንለው። የቅሬ ጸሐፊ ቤት ያደገ ልጅ ሦስት ሰው ተሰብስቦ ቃለ ጉባኤ ካልተያዘ ስብሰባ አይመስለውም። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እያለ ነው ያሳደገኝ። እጄን ይዞ ያስተማረኝ ጽሕፈት የራሱን ጽሕፈት ነው፤ የመጨረሻውን ፊደል እግር ከስሙ ሥር ወደ ኋላ እንስበዋለን፣ ስሙ ምንጣፍ ላይ የተቀመጠ ይመስላል። እናም ማንም ሳያዘኝ አዲስ ደብተር ገዛሁ። አናቱ ላይ «የኮንግረስ ቃለ ጉባኤ» አልኩ፤ ቀጥሎ «ፕሬዚዳንት፦ ሰይድ አራጋው»፤ ከዚያ የዋናው ዳኛ ስም፤ ከዚያ ከኔ ሌላ የመረጡት የአርባ አንድ ልጆች ስም በተራ ቁጥር፣ የደገፈና የተቃወመ፣ ከጎኑ ፊርማ። አንድ ልጅ ፊርማ የለኝም ሲል በእስክርብቶ ቀለም አውራ ጣቱን አስጠቀስኩት፣ አባቴ ማንበብ ለማይችሉት እንደሚያደርገው። በመጨረሻ የራሴን ድምፅ «ጸሐፊ» በሚል ሥር አስገብቼ ፊርማዬን ብቻ ጠመዘዝኩበት። ስሜን አልጻፍኩም። አባቴም አይጽፍም ነበር፣ ጸሐፊ ራሱን አያጎላም ይላል። ድምፅ ሲቆጠር ሃያ ሰባት ደረሰ፤ የቀረሁት እኔ ነኝ። ሰይድን አየሁት፣ ጠቀሰኝ። «ደግፌያለሁ» አልኩ። ክፍሉ ተናጋ። ሰይድ ወንበሩ ላይ ወድቆ «አንተ ነህ የጣልከኝ! በገዛ ጓደኛዬ ወደቅኩ!» እያለ ጮኸ፣ ከዚያ መጥቶ አቀፈኝ። ቲቸር ግርማ ደብተሩን ለዲሬክተሩ ወስዶ አሳየው፤ በሚቀጥለው ዓርብ በሩ ተከፈተ። ዘበኛው አባ በላይ መዝጊያውን ገለጥ አድርገው ለሰይድ ሰላምታ ሰጡና «እለፉ የዓርብ በር ፕሬዚዳንት!» አሉት። ስሙ በዚያው ቀረ።

ይህን ያህሉን ለኢማን ነገርኳት፣ ደስ የሚለውን ያህሉን። ስልኳን አስቀምጣ ሰማችኝ፣ እሱም ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። እዚህ አገር ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሱ ፓርላማ ውስጥ ተቀምጦ ፊት ለፊት ይሰደባል፣ ቪቶ የሚባል ነገርም የለውም አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት። ዜግነት ስወስድ ተምሬዋለሁ፤ ምርጫ የቀረ ሰው እንደሚቀጣም አውቃለሁ። የመጀመሪያ ቀን ለመምረጥ ስሄድ በር ላይ ቋሊማ ሲጠብሱ አይቼ የሠርግ ቤት የገባሁ መስሎኝ ነበር። ካርቶን በተከለለች ጠባብ ቦታ ቆሜ እርሳሱን ሳነሣ ግን እጄ እምቢ አለ፣ ትከሻዬ ላይ ሰው ያጎነበሰ መሰለኝ። ስምህን እንዳትጽፍበት ብለውኝ ሳለ ሦስቴ ገልብጬ አየሁት፣ ሳላውቀው ጽፌው እንዳይሆን። ኢማን ማስታወሻዋን ስትጨርስ እስክርብቶዋን ነከስ አድርጋ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ፤ «ሁሉም ስማቸው አለ፣ ድምፃቸውም አለ። የጸሐፊውስ ስም የት ነው ያለው?» አልኳት፣ ጸሐፊ ፊርማ ብቻ ነው የሚያኖረው። «ልክ አይደለም» አለች። «እስክርብቶውን የያዘው እኮ እሱ ነው።» ብድግ ብላ ወደ ክፍሏ ሄደች። ልጅ ናት፣ ምን እንዳደረገችኝ አታውቅም። ሻዬ ቀዝቅዞ ቆዳ እስኪያወጣ እዚያው ተቀምጬ ቀረሁ።

ያልነገርኳት ይሄ ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ዘመን ተገለበጠ። ቤልቦተሙ ጠበበ፣ ሬዲዮው ሰልፍ ሰልፍ ብቻ ሆነ፣ ማታ ማታ ሰው በጊዜ መግባት ጀመረ። አንድ ከሰዓት ቲቸር ግርማ ፒያሳ ኬክ ቤቱ ጥግ ላይ ክንዴን ያዘኝ። ወደ ገጠር ሊያዛውሩት ነበር። ግራ ቀኙን አየና «ሙሄ፣ ያ ደብተር የት ነው?» አለኝ። «ቤት ነው።» «አቃጥለው። ዛሬውኑ።» «ጨዋታ እኮ ነው ቲቸር።» «እኔና አንተ ነን ጨዋታ መሆኑን የምናውቀው። ፕሬዚዳንት ይላል፣ ፊርማ አለው፣ ጣት አለው። አቃጥለው ስልህ!» እሺ አልኩ። በማግስቱ ሊሰናበተን ሲመጣ በዓይኑ ጠየቀኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ሰይድም እየሰማ፣ «አቃጥዬዋለሁ» አልኩት። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ሄደ። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም። ለምን ዋሸህ በሉኝ። አባቴ ያን ደብተር ባየበት ቀን፣ በሕይወቱ አንዴ፣ «ይሄ እጅ ሰው ያደርግሃል» ብሎኝ ነበር። ራሱ ወስዶ የቅሬው መዝገብ ያለበት ሳጥን ውስጥ አኖረው፣ ከሙታን ዝርዝርና ከአባላቱ ስም ጋር። ቲቸር ግርማ ያንን ጽሕፈት ነው እሳት ላይ ጣለው ያለኝ። አልጣልኩትም፣ አለቀ።

ከዚያ ቀበሌው የቅሬው መዝገብ ሁሉ ይምጣ አለ። አባቴ የአደራ ዕቃ ነው ብሎ ሳጥኑን እንዳለ ተሸክሞ አስረከበ። እኔ ከቧንቧ ውሃ ስመለስ ሳጥኑ የነበረበት ቦታ ባዶውን ነው። መሬቱ ላይ አራት የእግሩ ምልክት ብቻ። እየሮጥኩ ፒያሳ ወረድኩ። ሰይድ አባቱ የስፌት መኪና ላይ ተቀምጦ የሰው ሱሪ ጫፍ ያጥፋል፣ በረንዳው ላይ ፀሐይ አለ። ቀና ብሎ «የጣልከኝ መጣህ?» አለኝ፣ እንደ ሁልጊዜው። አፌ ውስጥ ነበር። ሰይድ፣ ተነሥ፣ ጥፋ፣ ደብተሩ ሄዷል፣ ይሄው ነው፤ ከአምስት ቃል አይበልጥም። ብናገር ግን «አላቃጠልከውም እንዴ?» ሊለኝ ነው። ያቺን አንዲት ጥያቄ ፈራሁ። ሻይ አዘዘልኝ፣ ጠጣሁ። ጫፉን አጥፎ ሲጨርስ ሱሪውን ዘርግቶ «ዘንድሮ ሁሉም ጠባብ ነው የሚያሰፋው፣ በዚህ ሱሪ እንዴት ይሮጣል?» አለ። ሳቅኩለት። አዎ፣ ሳቅኩለት። ደህና ዋል ብዬው ወደ ቤቴ ወጣሁ።

በሦስተኛው ቀን ወሰዱት። አባቴንም ጠርተው «ይሄ ምንድነው?» አሉት። «የልጆች ጨዋታ ነው» ቢል «የምን ጨዋታ ነው በፊርማና በቃለ ጉባኤ?» ብለው ሳቁበት፤ ሳምንት አቆይተው ለቀቁት። ዳኛው ልጅ ተገርፎ ወጣ፣ ሌሎቹም እየተጠሩ፣ ስለ ደብተሩ ትንፍሽ እንዳይሉ ተነግሯቸው ወጡ። ፕሬዚዳንቱ አልወጣም። የጸሐፊው ስም የለም፤ አባቴ ደግሞ አልተናገረም። እኔን ሰይድ በተያዘበት ቀን ቤተሰቦቼ ወደ ኮምቦልቻ አሸሹኝ፣ ከዚያ አሰብ፣ ከዚያ ባሕሩን ተሻገርኩ፣ ብቻ ከዓመታት በኋላ ዕጣዬ እዚህ ጣለኝ። አባቴ እስኪሞት በስልክ ስለ ደብተሩ አንድ ቀን አላነሣብኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እዚህ መጥቼ ብዙ ዓመት ከቆየሁ በኋላ አንድ ለቅሶ ቤት «የደሴ ሰው አለ ወይ?» እያለች ወደኔ የመጣች ሴት አለች። የሰይድ ታናሽ እኅት ዘሐራ ናት። ስሸሽ የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች፤ አሁን ፖይንት ኩክ ከልጇ ጋር ትኖራለች። የሰይድ ጓደኛ መሆኔን ስታውቅ እጄን ይዛ አለቀሰች። ከዚያ ቀን ወዲህ የሰይድ ምትክ አድርጋኛለች፤ ረመዳን ገባ ሲባል ሳምቡሳው በፌስታል በሬ ላይ ነው፣ ሆስፒታል የተኛሁ ጊዜ ከልጆቼ ቀድማ የመጣችው እሷ ናት። ያን ዕለት ለቅሶው ላይ የነገረችኝን ግን ምነው ባልሰማሁት። ከእናቷ ጋር እስር ቤት ሄደው ነበር። አንዱ ሹም «ልጅሽ ምን እንደሆነ እይ» ብሎ ደብተሩን ገልጦ እናትየው ፊት አደረገው። እናቷ ማንበብ አይችሉም። «እኔ ነኝ ያነበብኩላት፣ ጋሼ ሙሄ» አለችኝ። «ጣቴን እያስኬድኩ፣ ጮክ ብዬ። ፕሬዚዳንት፣ ሰይድ፣ አራጋው። እንዴት የሚያምር ጽሕፈት ነበር መሰልዎት! ከስሙ ሥር ጭራ ነበረው። ዛሬም ባየው አውቀዋለሁ። እማ እኮ ‹ልጄ የምን ፕሬዚዳንት ነበር?› እያለች ነው የሞተችው።» እዚያ ለቅሶ ቤት መልሱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ሰው እያየኝ በአማርኛ ጽፌ አላውቅም። ፖስታ ላይ እንኳ በእንግሊዝኛ ነው፣ ያውም በትልልቁ ፊደል። እዚህ ከተማው ምዕራብ በኩል ያለነው የወሎና የአዲስ አበባ ሰዎች ቅሬ ስናቋቁም ጸሐፊ ሁን ብለው ስንቴ ለመኑኝ፣ ዓይኔ ደክሟል አልኩ። ዘሐራን ሰብሳቢ አደረጓት፣ ጸሐፊው ጅብሪል የሚባል ልጅ ሆነ፣ እሱ በኮምፒዩተሩ ነው የሚመታው፣ እኔም ተገላገልኩ። እሷን ከማጣ ብዬ ነው፤ ካወቀች ሳምቡሳው ይቀራል ማለቴ አይደለም፣ የሰይድን ፊት የያዘ ሰው ፊቱን ያዞርብኛል ማለቴ ነው። የኢማን ጥያቄ ግን አላስቀምጥ አለኝ። ስሰግድ አለች፣ ስራመድ አለች። እስክርብቶውን የያዘው እኮ እሱ ነው።

ያለፈው እሑድ ትሩጋኒና ሰፈር ባለው አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ነበረን፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ። የተነሣው ነገር የጀናዛ መኪና የሚነዱት ተራ ነው። ጅብሪል ድንገት ሺፍት ተጠርቶ ቀረ። ዘሐራ መነጽሯን አውልቃ «እንግዲህ ቃለ ጉባኤውን ማን ይጻፍልን?» አለች። ሰው ሁሉ ስልኩን ማየት ጀመረ። እጄን አወጣሁ። «ኧረ ዓይንዎስ ጋሼ ሙሄ?» አለች። «ለዛሬ ያየኛል» አልኩ። ነጭ ወረቀት ሰጡኝ። የመጀመሪያውን መስመር ቀስ ብዬ ጻፍኩ፣ ሁለተኛው ላይ ግን እጄ ተለቀቀ፤ እንደ አባቴ፣ እንደ ልጅነቴ። የአሥራ ዘጠኝ ሰው ስም በተራ ቁጥር ጻፍኩ። በመጨረሻ «ሰብሳቢ፦ ዘሐራ አራጋው» አልኩና የመጨረሻውን ፊደል እግር ከስሟ ሥር ወደ ኋላ ሳብኩት። አልሸሸግኩም። ሥሩ «ጸሐፊ» ብዬ ፈረምኩ። ወረቀቱ እየዞረ ሁሉም ፈረመበት፣ ወንበር መደራረብ ጀመሩ፣ ደህና አምሹ ተባባሉ። እሷ ጋ የደረሰው በመጨረሻ ነው።

መነጽሯን አጠለቀች። እስክርብቶውን አነሣች። አልፈረመችም። ጣቷ የአባቷ ስም ላይ ቆሞ ቀረ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ በጭራው ላይ ወደ ኋላ ሄደ። ፊቷን ቀና አላደረገችም።

«ያኔም እርስዎ?» አለች።

«ያኔም» አልኳት።

አዳራሹ ባዶ እስኪሆን ጠበቅን። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት። ሰማያዊውን መጽሐፍ፣ ሊንዳን፣ ባርኔጣውን፣ ቪቶውን፣ «አንተ ነህ የጣልከኝ» ያለኝን። አቃጥለው መባሌን፣ አቃጥዬዋለሁ ማለቴን። በረንዳው ላይ የጠጣሁትን ሻይ ሳይቀር ነገርኳት። ስጨርስ «ጨዋታ ነበር?» አለች። «ጨዋታ ነበር።» «ምንም የለም? ድርጅት የለም? የሸጠው ሰው የለም?» «ምንም የለም። የዓርብ በር ፕሬዚዳንት ነበር፣ የግቢው በር ለጁምዓ እንዲከፈት። ተከፍቶም ነበር፣ ዘሐራ።» እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየሁትም፣ ሁለቱም ነበረበት። «ይቅር በይኝ» ልላት አስቤ ነበር። ይሄን ያህል ዓመት ሳምቡሳዋን የበላሁ ሰው ምን አፍ አለኝ!

መነጽሯን ጠረገች። ከዚያ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወደኔ ገፋችው።

«ስምዎ የለም» አለች።

«ጸሐፊ ስለሆንኩ ነው፤ ፊርማዬ አለ።»

«ፊርማዎን አየሁት። ስምዎን ይጻፉ።»

ጻፍኩ። ከሰባ የማልርቅ ሰውዬ ስሜን ለመጻፍ ላብ አጠመቀኝ። ወረቀቱን መልሳ አዞረችው። እስክርብቶውን አላነሣችም። ጣቷን የመጀመሪያው ፊደል ላይ አደረገችና እያስኬደች፣ በዚያ ባዶ አዳራሽ ውስጥ፣ ጮክ ብላ፣ እንደ አሥር ዓመት ልጅ አነበበችው።

«ጸሐፊ። ሙሐመድ። ይማም።»

እናቷ ማንበብ አይችሉም ነበር።